ለአባቴ በሬ የጠመድኩበት ጽሑፍ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ይርጋ፣ ኢዲዶ።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን የያዘዎት ቁርጥማት ተሻለዎ ወይ? እማማንስ ሳሉ ለቀቃት? የቡናው ለቀማስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ በጌታ ቸርነት አካሌ ደኅና ነው፤ ፊቴ ግን እንኳን ለእርስዎ ለመስተዋትም የሚቀርብ አይደለም። አይቆጡኝ ብዬ አልለምንም፤ መቆጣትስ ይገባዎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮሌጁ መምህራችን አቶ ተክለጻድቅ፣ እያንዳንዳችን ስለ አገራችን እርሻ ከቤተ መጻሕፍት መርምረን እንድንጽፍ አዘዙን። እኔም ገባሁና አንድ ፈረንጅ ስለ እኛ አገር ቡና የጻፈውን መጽሐፍ አግኝቼ፣ አራት ገጽ እንዳለ ገለበጥኩ። እርስዎ ያውቃሉ፣ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ወንጌሉን አንዲት ፊደል ሳልጥል በመገልበጤ ነበር በጉባኤ ፊት የተመሰገንኩት። መጽሐፍ ሁሉ እንደዚያ የሚገለበጥ መስሎኝ! የጸሐፊውን ስም እንኳ አልጠቀስኩም።

መምህሩ ወረቀቴን ይዘው በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ አባትህ ስንት ጥማድ በሬ አላቸው አሉኝ። ኧረ የለንም ጌታዬ፣ አገሩ ገደል ነው፣ በዶማ ነው የምንቆፍረው አልኩ። ታዲያ ይህ ምንድን ነው ብለው የራሴን ጽሑፍ አነበቡልኝ። የዚያ አገር ሰው መሬቱን በበሬ አርሶ ቡና ይዘራል ይላል። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። በጓሯችን በሬ ተጠምዶ አይቼ ሳላውቅ፣ ለእርስዎ በሬ ጠመድኩልዎ። ወይ ጉድ!

በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ይመኙሻል አዘኑልኝ። መጽሐፍ ከመግለጥህ በፊት ልታውቅ የምትፈልገውን በአንድ ጥያቄ ጻፍ አሉኝ። የመጻሕፍቱ ስም በየካርዱ የተጻፈበትን መሳቢያ አሳዩኝ። አንዱን ብቻ አትመን፣ ከሌላው ጋር አስተያየው፤ ያገኘኸውን በቁራጭ ወረቀት ስትይዝ ማን እንዳለውና ገጹን አትርሳ፤ የራስህን ሐሳብ ለብቻው አድርግ አሉኝ። እንዲያ ሳደርግ ሰነበትኩ። ሦስት መጻሕፍት አገኘሁ፤ ሦስቱም አይስማሙም። ፈረንጁ ለካ ኢዲዶን ከመኪና ሳይወርድ ነው ያያት! እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ጠይቅና ስሙን ከጸሐፊዎቹ ተርታ አስፍር አሉኝ ወይዘሮ ይመኙሻል።

አሁን የባሰውን ልናገር። ያን ቀን መምህሩ፣ ለምን አባትህን አልጠየቅህም ሲሉኝ ሳቁ ገና አልበረደም ነበር። እኔም አንቱታዎን ነሥቼ፣ አባቴ ማንበብ የማይችል ገበሬ ነው፣ ምን ያውቃል ብዬ መለስኩ። አዎ፣ እንዲህ አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ወዲህ እህል አፌ ውስጥ አይጥመኝም።

እስከ ታኅሣሥ አሥር አዲስ ጽሑፍ ካላቀረብኩ ኮሌጁ ያሰናብተኛል። በምን አፌ እንደምጠይቅዎ አላውቅም እንጂ፣ እጠይቅዎታለሁ። የቡናውን ችግኝ ከእንሰቱ ጥላ ሥር የሚተክሉት ለምንድን ነው? ከትልልቆቹ ዛፎች የትኛውን ይቆርጣሉ፣ የትኛውን ይተዋሉ? ይህንንስ ማን አስተማረዎ? መልሱን እህቴ ሙሉካ ጽፋ ዲላ ከነጋዴው ከኸድሩ ሱቅ ብታደርሰው፣ የእሱ መኪና ያመጣልኛል። ዝም ቢሉኝም አልፈርድብዎትም።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ። አጎቴን ወልደዮሐንስን፣ በጸሎትህ አትርሳኝ በሉልኝ። አንቺ እህቴ ሙሉካ፣ ይህን በቋንቋችን ስትተረጉሚላቸው፣ ለአባታችን አዝነሽ ያቺን ክፉ ቃል ማለፍ ያምርሽ ይሆናል። አደራሽን፣ አትለፊያት። በአርባ ሰው ፊት ተናግሬያታለሁ፤ እሳቸው ሳይሰሟት ይቅር ሊሉኝ አይችሉም።

በደለኛ ልጅዎ
ጴጥሮስ ይርጋ
አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን 1961 ዓ.ም.