የማሂ አግዳሚ

ጥር 6፣ ረቡዕ። ጠዋት፣ ከት/ቤት በፊት

ጸጉሯ ዛሬ አልታዘዝ አለኝ። አስሬ ፈታሁት፣ ደግሜ አሰርኩት። ማሂ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። በቅሎ የምትጭን ነው የምትመስለው አለችኝ። ላስቲኩን ጠበቅ አደረግኩት። ክንዷን አንስታ ራሷ ያሰረች ቀን ከሰዓት በኋላዋን መኝታ ላይ ናት። ስለዚህ ሥራው የኔ ነው። ከ11ኛ ክፍል ወንዶች የእህቱን ጸጉር የሚያስር ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እየጎበዝኩ ነው ደግሞ።

ደብተሬ፣ አንተ ገና አታውቃትም። ታላቅ እህቴ ናት። ሕፃናት ታስተምር ነበር። ኮቪድ ያዛት፣ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ድካሙ ግን ቀረ። ተኝታም አይወጣላትም። አንዳንዴ ቃል ይጠፋባታል፤ ጭልፋውን «ያ… የወጡ» ትላለች። ሕፃናቱን ተወች።

ደወል ሊደወል ነው። ሮጥኩ።

ማታ

እትዬ ዘነበች መጥተው ነበር፣ የአባባ ታላቅ እህት። የካቲት 1 የአባባ ሙት ዓመት ነው። ሁሉን አሰናድተዋል። ሳምንቱን ሙሉ ማሂ ከሴቶቹ ጋር ትሠራለች፣ እሁድ በጠዋት ሁላችንም በእግር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንወጣለን፣ ከዚያ ድግስ። ማሂ እሺ አለች። ለሁሉም ነገር እሺ ናት።

አምና በአርባው እንዲሁ ነበር። ሽንኩርት ስትልጥ ሰነበተች፣ ዳገቱን ወጣች፣ ወደቀች። ብርሃን አልችል አለች፣ ሬዲዮ አልችል አለች። እማዬ በማንኪያ ነበር የምታጎርሳት። መንደሩ በሙሉ «ሐዘኑ ነው» አለ። እትዬ ዘነበች ራስጌዋ ቆመው በርቺ እንጂ፣ እኛም እኮ ሐዘንተኞች ነን ብለው ወጡ።

ዘንድሮ አትወድቅም። እኔ አለሁ።

ጥር 11፣ ሰኞ። ጥምቀት

ት/ቤት የለም። ታቦቱ ሲመለስ ማሂ ማየት ፈለገች። እስከ ጋሽ ከድር ሱቅ ደጃፍ ወሰድኳት። ከቤታችን እስከ ታክሲ መያዣው ዳገት ነው (ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ያልሆነ ምን አለ)፣ ሱቁ መሃል ላይ ነው። እዚያ አባባ የሠራው አግዳሚ አለ። አባባ አናጺ ነበር። «ነበር» ስል እጄ አሁንም ያመነታል።

አግዳሚው ላይ ጎረምሶች ተደርድረዋል። ጋሽ ከድር ከመስኮታቸው ብቅ አሉና ተነሱ፣ ባለቤቷ መጣች አሏቸው። አንዱ ካርታ አላት ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ከድር ካርታው እኔ ጋ ነው፣ ከዱቤህ ጋር አሳይሃለሁ አሉት። ተነሳ።

ከዚያ ጥየቃው ጀመረ። የሚያልፈው ሁሉ፦ ማህሌት እንዴት ነሽ? እሷም፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል፣ ደህና ነኝ። እጇ አግዳሚውን ጨብጧል፣ ደህና ነኝ።

አምና ሐኪም ቤትም ይህንኑ ነው ያለችው። እንዴት ነሽ ተባለች፣ ደህና ነኝ አለች፣ ሰውየው የሰማውን ጻፈ። ቫይታሚን ሰጣት። ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ፓርክ ውጪና ተራመጂ፣ አየሩ ያነቃሻል አላት። ታዛዥ ናትና ወጣች። በባጃጅ አስተኝተን መለስናት። ከዚያ ስንት ሳምንት መጋረጃ አልከፈትንም።

ማታ ለምን እንዲህ ትያለሽ አልኳት። ታዲያ እግዚአብሔርን ላማርር? አለች። ብርድ ልብሷን ሳብ አደረግኩላት።

ጥር 15፣ ዓርብ

ተሳካ። ሌላ ሐኪም ስፈልግ ነበር፣ አገኘሁ። የክፍል ጓደኛዬን እናት ከኮቪድ በኋላ ድካሙ እንዲሁ አልለቅ ብሏቸው ነበር። ያከሟቸው ዶ/ር ሰናይት ይባላሉ፣ ክሊኒካቸው ሲግናል ነው። ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። እማዬ ራሷ ደውላ ያዘችው። ለእትዬ አንነግርም።

ጥር 19፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

ሁሉንም ልጻፍልህ።

ዶ/ር ሰናይት ሸበቶ ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። እንዴት ነሽ አሏት። ማሂ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።

አልጻፉም። እስክሪብቶውን አስቀመጡና ሌላ ነገር ጠየቁ።

«ጸጉርሽን ማን አሰረሽ?»

እኔ ነኝ አልኩ።

«ያስታውቃል» አሉ።

ማሂ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ለምን እኔ እንደማስርላት ጠየቋት። ከዚያ ሁሉም ተከታትሎ ወጣ፦ ክንዷ፣ ጭልፋው፣ መጋረጃው፣ ስትቆም ልቧ እንደሚመታ። አንዴም አላቋረጧትም። ጥያቄያቸው አጭር ነው። ትናንት ምን ሠራሽ? በማግስቱ ምን አደረገሽ? በሦስተኛውስ?

መቼ ጀመረሽ አሉ። አባቴ ከሞተ ወዲህ አለች። አልዋሸችም፤ ሁሉም እንዲያ ሲላት እውነት መስሏት ነው። እኔ ግን ዘልዬ ገባሁ። አይደለም አልኩ። አግዳሚውንስ አባባ ራሱ አይደል ተሸክሞ ዳገቱ ላይ ያኖረው? ደህና ከነበረች ለማን ነው የሠራው?

ማሂ ዞር ብላ አየችኝ። ዶ/ር ሰናይት ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አነሱ። «ስለዚህ ሕመሙ ከሐዘኑ ይቀድማል» አሉና ጻፉ።

አስተኝተው የልብ ምቷን ለኩ። ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፈው አቁመው ደግመው ለኩ። ቆማ ብቻ፣ ዳገት የሮጠች ያህል መታ። ደም አስወሰዱ፤ የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ችግር ቢኖር እንዳያመልጠን ነው አሉ። ያየሁት ግን ሎንግ ኮቪድን፣ ኮቪድ ከለቀቀ በኋላ የሚቆየውን ሕመም፣ ይመስላል አሉ። ስንፍና አይደለም፣ የምታስቢው ነገርም አይደለም። ሐዘኑም አለ፣ እሱም ቦታ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሐዘን ብቻውን እንዲህ አያደርግም።

መድኃኒቱስ አልኩ። ጠራርጎ የሚያጠፋው እስካሁን የለም አሉ፣ ሳይሸፋፍኑ። የሚያግዝ ግን ብዙ አለ፣ ቀስ በቀስ የሚሻላቸውም ብዙ ናቸው። ሳይደክማት ማረፍ። ሥራን መከፋፈል፣ ቁጭ ብሎ መሥራት። ውኃ በደንብ መጠጣት፤ ጨው መጨመር፣ የደም ግፊቷ ታይቶ። የልብ ምቷን የሚያረጋጋ መድኃኒት ካስፈለገ ከደሙ ውጤት በኋላ። ዋናው፦ ደህና በሆነችበት ቀን ያላትን ጉልበት ጠርጋ እንዳትጨርስ።

ስለ ሙት ዓመቱ ነገርናቸው። አትሂጂ አላሉም። ተቀምጠሽ ሂጂ፣ ተቀምጠሽ ቆይ፣ ቀድመሽ ግቢ። አክስታችንን ምን ልበላቸው አልኩ። «ሐኪሟ ከለከለች በላቸው። ካላመኑ ይምጡ፣ ወንበር አለኝ።»

ታክሲ ውስጥ ማሂ እጄን ያዘች። አመኑኝ አይደል? አለች። ደጋግማ።

ጥር 22፣ ዓርብ

እትዬ ዘነበች መጡ። ንግግሬን ት/ቤት እያለሁ ነበር ያዘጋጀሁት፣ እንደ ክርክር ውድድር። ግማሹ ላይ አስቆሙኝ።

«ዶክተሯ ናት ደጋሿ?»

አይደሉም አልኩ።

«እኔስ በዚህ ጉልበቴ ቆሜ አልሠራም? በአባቷ ቀን ያልቆመች መቼ ልትቆም ነው?»

አግዳሚውን አነሳሁ። ተቆጡ። እሱን እኮ ወንድሜ ለኔ ጉልበት ነው የሠራው፣ በአፉ ነግሮኛል አሉ።

በዚህ ጊዜ እማዬ ተናገረች። በሩ ላይ ቆማ፣ እጇ እንደረጠበ። «ለማህሌት ነው፣ እትዬ። ለርስዎ ነው ብሎ የነገረዎ ታማለች ተብሎ ስሟ እንዳይነሳ ነው።»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መልሰው አስተካከሉ። በመጨረሻ ሽንኩርቱንስ ተቀምጣ ትላጥ? አሉ።

«አትልጥም፣ እትዬ» አልኩ።

«ታዲያ ማን ሊልጥ ነው?»

«እኔ።»

ሳቁብኝ። ሳቅ ከሆነ ግን አሸንፌያለሁ።

አሁን ብቻዬን ሳስበው፦ አባባም ለካ «ደህና ናት» ባይ ነበር። አግዳሚ ሠራላት፣ ሕመሟን ግን ከአግዳሚው ሥር ደበቀው። ተናደድኩበት። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ልክ በሕይወት እንዳለ ሰው ተናደድኩበት። ነገ በሩን ከፍቶ ይገባና እንጨቃጨቃለን የሚል ስሜት። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ጥር 29፣ ዓርብ

ሁለተኛ አግዳሚ እየሠራሁ ነው። እሁድ ባጃጁ ከሚያደርሰን ቦታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሌላ ዳገት አለ፣ መሃሉ ላይ ማረፊያ የለም። የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ አስፈቅጃለሁ። መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ሁሉም የአባባ። የመሮው እጀታ ላይ የአውራ ጣቱ ቦታ ተበልቶ ቀርቷል። ጣቴን አስገባሁበት። አልሞላውም።

አግዳሚው ትንሽ ይወዛወዛል። ጋሽ ከድር መጥተው ተቀመጡበት፣ ግራ ቀኝ አሉበት። አባትህ ቢያይ ምን ይል ነበር አሉ። ያፈርሰው ነበር አልኩ። አንዱን እግር ቆረጥኩለት። አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ይወዛወዛል። ጠጠር አደርግበታለሁ። ይሠራል።

የደሙ ውጤት መጣ። የደም ማነስ የለም፣ የእንቅርት ዕጢዋም ደህና ነው። ማሂ ትንሽ አዘነች፤ በኪኒን የሚያልቅ ነገር ቢሆን ብላ ነበር። ዶ/ር ሰናይት በስልክ አልተውሽም አሏት።

ሽንኩርት፦ ማለቂያ የለውም።

የካቲት 1፣ እሁድ። ወደ ማታ

ሆነ።

ባጃጁ አወረደን። ትንሽ ወጣን፣ አግዳሚው ላይ አረፍን። ትንሽ ወጣን፣ ደረስን። ፍትሐቱን ተቀምጣ ሰማች። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ናቸው በርጩማ ያመጡላት። አስቀመጡትና ሄዱ።

ስንመለስ አግዳሚው ላይ አንዲት ጎረቤታችን አገኙን። እንዴት ነሽ ልጄ፣ በርቺ እንጂ አሏት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ማሂ። «ደህና ነኝ»ን እየጠበቅኩ ነው። «ታምሜያለሁ፣ እማማ። ግን መጥቻለሁ።»

ሴትየዋ አጠገቧ ተቀመጡ። አግዳሚው ተወዛወዘ። እስክትነሳ አብረዋት ቆዩ።

ድግሱን ትታ ገባች። ማንም ምንም አላለም፣ ወይ እኔ አልሰማሁም። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ድካሙ ሊጥላት ይችላል፣ እናውቃለን። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ውኃዋ አጠገቧ ነው። እንደ አምናው ግን አይሆንም።

አሁን እንግዶቹ ሲወጡ ጸጉሯን ልፈታላት ገባሁ። እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ዓይኗን ሳትከፍት ጠየቀችኝ።

«አንተስ ናቲ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ» ምላሴ ላይ ነበር። አግዳሚው ተወዛወዘ አይደል? አልኳት። «እሱን አልጠየቅኩህም» አለች። ጠበቀችኝ። እስክሪብቶዋን ያስቀመጠች ይመስል።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። መጀመሪያ ስለ መሮው፣ ከዚያ አባባ ላይ ስለ መናደዴ።