ለእማዬ የላክሁት የእሳት ቅርጫት

እሑድ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ሮም

እናቴ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል። እኔ ዛሬ ሰማሁ።

ትላንት እዚሁ ሮም የሚኖሩት ያገሬ ሰው እትዬ አልማዝ እሳቸው ዘንድ እንዳድር አስጠሩኝ። ጎህ ሲቀድ ያገር ልጆች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ነጠላውን ሳይ ገባኝ። የመርዶው ደብዳቤ እትዬ ዘንድ ከደረሰ ቆይቷል። «ሲኞራ ዴንማርክ ልትወስደኝ ነው ስትዪኝ፣ መርዶ ይዘሽ ብቻሽን ሰው አገር እንዳትከርሚ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ልቆጣቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀድመው አለቀሱ። ቢነግሩኝስ፣ ደርግ እያለ አገር ገብቼ ልቀብራት ነበር?

ቤቷ የምሠራላት ሲኞራ ዴንማርክ ስትወስደኝ፣ ባሕር ዳር የጥንት የመርከብ መብራት አየን። የድሮው ጠፍቶ በአምሳሉ እንደገና የተሠራ ነው። ከሰል በብረት ቅርጫት ይነድና፣ መርከበኞች ከሩቅ እንዲያዩት በረጅም ግንድ ጫፍ ወደ ላይ ይነሣ ነበር አሉን። ሥዕሉ ያለበት ፖስት ካርድ ገዝቼ፣ «እማዬ፣ እዚህ እሳትን እንደ ባንዲራ ይሰቅሉት ነበር ብልሽ አታምኚኝም» ብዬ ላክሁላት።

እማዬ ማንበብ አትችልም። የምታነብላት ታናሽ እህቴ ናት። ካርዱ ገና መንገድ ላይ ነው። ሲደርስ እህቴ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ «እማዬ» ብላ ትጀምረዋለች። ከዚያስ...