ሞልዶቹ እየተጫኑ ነው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ክፍሌ፤ አቃቂ።

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እማዬስ፣ ደም ግፊቷ ወረደላት? ሩሀማና ልጇስ? እኔ ጌታ ይመስገን አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን አልተቀመጠም፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። በስልክ እንዳልነግርዎት እማዬ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ታደርገዋለች። ስለዚህ ከቸርቻችን ወደ አገር በምትመጣው በአዲስአለም እጅ ይህን ላክሁልዎ።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ብረት ሲያቀልጡ ስለኖሩ ነገሩ ቶሎ ይገባዎታል። የእርስዎ ቅርጽ ማውጫ አሸዋ ነበር፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይፈርሳል፣ ለሚቀጥለው እንደገና ይጠቀጠቃል። እዚህ ሞልድ የሚሉት ግን ራሱ ብረት ነው፣ ይከፈታል ይዘጋል፣ ዓመታት ያገለግላል። በአንዱ ዓይነት የቀለጠ አሉሚኒየም በኃይል ይገፋበትና የሞተር ክዳን ይወጣል። የኔው ደግሞ ትኩስ ፕላስቲክ ይጠጣና የመኪና በር እጀታ ይተፋል። ጉዱ ምን መሰለዎት? ማሽኑ የፋብሪካው ነው፣ ሞልዱ ግን የመኪናው ካምፓኒ ነው። ሲፈልግ ጭኖት ይሄዳል። ሞልድ የሌለው ማሽን ደግሞ ለምንም አይሆንም።

ከመስከረም ጀምሮ እየጫኑ ነው። ዝገት እንዳይነካው ቅባት ይቀቡታል፣ በሰንሰለት ያወርዱታል፣ ከዚያ ከባድ መኪና ይመጣል። ድንበር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ነው አሉ። አለቃችንን ብንጠይቀው ለጥገና ነው ይላል። አብረውኝ የሚሠሩት፣ በደርግ ጊዜ የተሰደዱት ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ግን ለጥገና የሚሄድ እንዲህ እንደ ሙሽራ አይቀባም ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አላማረኝም። የአሉሚኒየሙ ክፍል ባዶ በሆነ በሳምንቱ ሠራተኞቹ በሙሉ ሌይኦፍ ተደረጉ፣ ሥራ የለም ተብለው ተሰናበቱ ማለት ነው። አሁን በዚያ በኩል ሳልፍ የራሴን ኮቴ እሰማለሁ።

ትናንት አለቃዬ ቅባቱን ለእኔው ሰጠኝ። የእጀታውን ሞልድ ቀባ አለኝ። እምቢ ብል ምን አመጣለሁ? ቀባሁት።

አባባ፣ እናንተን ወደዚህ ለማምጣት ስፖንሰር ያደረግሁት በዚህ ሥራ ገቢ ነው። ሥራው ከቀረ ፕሮሰሱም ይቆማል። እርስዎ ደግሞ ቤቱን ሊሸጡ ገዢ እንዳገኙ ሩሀማ ነገረችኝ። በጌታ ስም እለምንዎታለሁ፣ አይፈርሙ! ልጄ ካናዳ አለ ብለው በእኔ አይመኑ። እኔስ አንድ ነፍሴን የትም አሳድራታለሁ። እናንተ በስተርጅና የሰው ግቢ ተከራይታችሁ ስትኖሩ እየታየኝ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ለሩሀማ፣ ለትንሿ ሃሌሉያ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ ጸሐይወርቅ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእማዬ ግን አስቀድመው ነገሩን ይንገሯት፤ ሰላምታዬ ከዚያ በኋላ ይድረሳት። በርናባስ ሰላም ብሎሻል ብለው ከጀመሩ፣ መቼ ነው የምንሄደው አለ ብላ ትጠይቅዎታለች።

ልጅዎ በርናባስ ክፍሌ
ክሬሰንት ታውን፣ ቶሮንቶ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.