የአባባ ምንሽር አፈሙዝ

ሰኞ

የለም፣ የለም፣ የለም። ዛሬ ጭሮን ከላይ እስከ ታች ዞርኩ፤ ለአባባ ምንሽር የሚሆን አፈሙዝ የለም። እሳቸው ጠመንጃውን ከነፈቃዱ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከገጠር፣ ከመሰላ ድረስ አመጡና «አርጅቷል፣ አፈሙዙን አስቀይሪልኝ» ብለውኝ ተመለሱ፤ የሱሪ ዚፕ ይመስል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ የጦር ግምጃ ቤት አይደለሁም።

ግን እንዴት እምቢ ልበል? ማሽላው እሸት ይዟል፣ ዝንጀሮው ከተራራው መውረድ ጀምሯል። ጎረቤቶቹ እርሻቸውን እንዲጠብቁላቸው የመረጡት አባባን ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣቸው ይሄ ጥበቃ ብቻ ነው። ጠመንጃው ካልሠራ ጥበቃውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።

ማክሰኞ

ጠመንጃ የሚጠግነው ጋሽ ሙሜ በደሳ ከተማ ውስጥ ከሌላ አሮጌ ምንሽር የወጣ አፈሙዝ አፈላልጎ አገኘልኝ። ደስ ብሎኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። አይቻልም አሉኝ። ቁጥሩ የተቀረጸው አፈሙዙ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ከተቀየረ ፈቃዱ አይሠራም። አሁን ማንን ልሳደብ? ወደ ጋሽ ሙሜ ስመለስ ደግሞ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው፤ ከምሳ በኋላ እሱን ማሠራት ዘበት ነው። አባባ ደጋግመው ደወሉ። አላነሳሁም።

ረቡዕ

ጋሽ ሙሜ የአባባን ጠመንጃ አፈሙዝ እንደገና ልየው አለ። ጣቴን ይዞ ጫፉን አስነካኝ። አብጧል። ከውስጡም የተቃጠለ ክር አወጣ።

«ወላሂ፣ ይሄ እርጅና አይደለም» አለኝ። «አፉ እንደተወተፈ ነው የተተኮሰው።»

ክሩ አረንጓዴ ነው። የእማዬ ሻሽ። እኛ ጋ አቧራ እንዳይገባ አፈሙዝ በጨርቅ ይወተፋል፣ ሊተኮስ ሲል ይነቀላል። ይህንን ለእኛ ለልጆቻቸው እየተቆጡ ያስተማሩን ራሳቸው አባባ ናቸው። ክሩን በመሀረቤ ጠቀለልኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ፊታቸው ላይ ቢፈነዳስ ኖሮ? ሁለት ቀን ያንከራተቱኝስ ይህን ደብቀው ነው?

ጋሽ ሙሜ ያበጠውን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ቁጥሩ አይነካም፣ ፖሊሶቹም እሺ ብለዋል። እኔ ግን እንዲህ ደግመው ቢተኩሱስ ብዬ «እሺ፣ ሥራው» ማለት አቃተኝ።

ዓርብ

አባባ በሚኒባስ መጡ። የተቃጠለውን ክር ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጥኩላቸው። መጀመሪያ ጥይቱን ረገሙ፣ ቀጥሎ ጠመንጃውን። ሻያቸው ቀዘቀዘ።

«ረሳሁት» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ከሰማ ጥበቃውን ይቀሙኛል። ከዚያ ምን ልሁን?»

ልቆጣቸው ስዘጋጅ ነበር የሰነበትኩት፤ አንጀቴን በሉት። ለጋሽ ሙሜ ደውዬ እንዲሠራው ነገርኩት። እሱ ሲቆርጥ እኔ ከቀሚስ በተረፈ ቀይ ጨርቅ አዲስ ውታፍ ሰፋሁ፤ ክንድ የሚያህል ጅራት ቀጠልኩበት፣ ሲያነጣጥሩ ፊት ለፊታቸው እንዲንጠለጠል። «የሙሽራ መኪና አስመሰልሽው» ብለው አኮረፉ። ግን ጠመንጃውን ከነጅራቱ ይዘው ሄዱ። ደግ ሠራሁ ወይስ አበላሸሁ፣ አላውቅም።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ደወልኩላቸው። አያነሱም። ደገምኩ። አያነሱም። ምን ነክቶኝ ነው ጠመንጃውን የመለስኩላቸው እያልኩ ራሴን ስሰድብ እሳቸው ደወሉ። ማሽላው ውስጥ ናቸው፤ ዝንጀሮ ወርዶ ነበር፣ አሁን ተኩሰው አባረሩት። ድምፃቸው የጎረምሳ ሆኗል። ስለ ዝንጀሮው ብዙ አወሩኝ። እኔ ልሰማ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነበር።

«ጨርቁስ አባባ?»

«በእጄ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገም ደውለሽ ጠይቂኝ» አሉኝ።