ከሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት እስከ አርድ ኤል ሊዋ፦ የአቶ ወልደሚካኤል ኅሩይ የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ ወልደሚካኤል ኅሩይ በ1949 ዓ.ም. ክረምት ፍቼ ላይ ለአቶ ኅሩይ ተሰማና ለወይዘሮ አስካለች ወንድሙ አምስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1967 ዓ.ም. ከዘመቻ ተማሪዎች ጋር ወደ ገጠር ወጡ። ከዘመቻ መልስም ትምህርታቸውን ቀጥለው በአስተዳደር ዲፕሎማ ካገኙ በኋላ፣ በ1973 ዓ.ም. በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ማታ ማታ ተምረው ዲግሪያቸውን ያዙ፤ እስከ ሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊነትም ደረሱ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ በላይነሽ አበጋዝ ጋር ተጋብተው ዕፀ ሕይወትንና ጌትነትን ወለዱ።

በ2001 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱ አሠራርና መዋቅር እንደ አዲስ ሲጠና ጥናቱን የመሩት እሳቸው ነበሩ። አንድ ባለጉዳይ ሃያ ሰባት ፊርማ እንደሚያስፈልገው ራሳቸው ወረፋ ተሰልፈው አይተው ወደ አራት አወረዱት። ከሩቅ የመጣ ሰው ጉዳዩን በአንድ ቀን ጨርሶ ሲሄድ በመስኮት እያዩ ደስ ይላቸው ነበር። አዲሱ መዋቅር ግን ለሁሉም ቦታ አልነበረውም። በድልድሉ ስልሳ ሦስት ሠራተኞች ያለ ምደባ ቀርተው ተንሳፋፊ ሆኑ። አባታችን ስም ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት እያንዳንዱን ቢሯቸው ጠርተው ነገሩት።

ከእነዚህ አንዷ የወሎዋ ተወላጅ ወይዘሮ ሐሊማ እንድሪስ፣ የጽሕፈት ሠራተኛ፣ የድልድል ነጥባቸው ተሳስቶ እንደተያዘ አመለከቱ። ማመልከቻው ከቀነ ገደቡ አንድ ቀን ዘግይቶ ስለገባ አባታችን ውድቅ አደረጉት። ከሰባት ወር በኋላ የወይዘሮ ሐሊማ የሥራ አፈጻጸም ውጤት በሌላ ሰው ማህደር ውስጥ ተገኘ። ቦታው የእርሳቸው ነበር። አባታችን ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ደብዳቤ ቢጽፉላቸውም፣ ወይዘሮ ሐሊማ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ግብፅ ተሻግረው ነበር።

አባታችን በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2012 ዓ.ም. ካይሮ ወዳገባችው ልጃቸው ወደ ዕፀ ሕይወት መጡ፤ ወይዘሮ በላይነሽ የታመሙ እህታቸውን ትተው መምጣት አልቻሉም። አባታችን የወይዘሮ ሐሊማን ውጤት ቅጂ ሻንጣቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። እዚሁ ካይሮ ናስር ሲቲ የሚማሩትን የወሎ ልጆች ሲጠይቁ ሁለት ዓመት ቆይተው፣ ወይዘሮ ሐሊማን ስደተኞች በሚበዙበት ሰፈር በአርድ ኤል ሊዋ አገኟቸው። በሩ ላይ ቆመው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ ወረቀቱንም ሰጧቸው። ወይዘሮ ሐሊማ አንብበው ወረቀቱን መለሱላቸው።

«እናቴ ስትሞት እዚህ የሰው ቤት እያጠብኩ ነበር፤ አልቀበርኳትም» አሏቸው። «ይኼ ወረቀት አሁን ምን ያደርግልኛል?»

አባታችን ወረቀቱን ተቀብለው ሄዱ። ያን ዕለት ቤት ገብተው ሳይበሉ ዋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ተመልሰው ሄዱ፤ የወይዘሮ ሐሊማን የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ሊጽፉላቸው። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ሐሊማ በሚኖሩበት ሕንፃ ያሉ ስደተኞች ሁሉ ደብዳቤ የሚያጽፉት በእሳቸው ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ሥራውን ሲያቆም፣ ከእጥበት በተመለሱ ቁጥር ወይዘሮ ሐሊማ በማይክሮባስ ታክሲ ተሳፍረው ሾርባ ይዘው ይመጡ ነበር። አባታችን ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ሁሉ፣ «ማሌሽ፣ ግድ የለም ጋሼ፣ ይጠጡ፤ ይቀዘቅዝብዎታል» ይሏቸው ነበር። ከዚህ የተለየ ቃል አልነገሯቸውም። አባታችንም ሌላ አልጠበቁም።

ለፋሲካ አዲስ አበባ እንደሚገቡ ለባለቤታቸው ቃል ገብተው ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ እዚህ ኦልድ ካይሮ ይፈጸማል። ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ወይዘሮ በላይነሽ ቪዛው አልደረሰላቸውም። ይህ ሲነበብ ከአዲስ አበባ በስልክ እየሰሙ ነው፤ ስለዚህ አንባቢው ቀስ ብሎ እንዲያነብላቸው እንለምናለን።

አምላክ ለአባታችን ነፍስ ዕረፍትን፣ በስልኩ ወዲያ ላሉት እናታችንም ይህን ቀን የሚያልፉበትን ብርታት ይስጥ። አሜን።