ሰው የማይኖርበት ግቢ

አምቦ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋዲሳ፤ ጁባ።

ሰላምታ ማስቀደም ወግ ነውና ሰላም ሁን። ከጁባ እዚህ የሚመላለሰውን ሹፌሩን ሰዲቅን ስለ ጤናህ ጠይቄው ደህና መሆንህን፣ ትንሽ መወፈርህንም ነግሮኛል። ተመስገን። ወጉን አድርሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ቁጣ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክህን ያላነሳሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ከጀመርኩ እጮሃለሁ፤ አንተ ደግሞ "እሺ እህቴ፣ እሺ እህቴ" እያልክ ታበርደኛለህ። ዛሬ መብረድ አልፈልግም።

ሰኔ ላይ ጡረታ ስወጣ ያልከኝን ታስታውሳለህ? "ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠመኔ አቧራ ጠጣሽ፤ ይኼን ክረምት እንኳ ለራስሽ አድርጊው። አትክልትሽን ትከዪ፣ ስፌትሽን ስፊ፣ ወፎችሽን እያየሽ ተደሰቺ።" ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ወንድሜ ለካ ያውቀኛል ብዬ።

ያልከኝንም አደረግሁ። ጓሮውን ራሴ ቆፍሬ ድንችና ጎመን ተከልኩ፤ በአጥሩ ሥር ዱባ አስያዝኩ። አምና መስከረም የነቀልኩትን ስንደዶ አውጥቼ ወስፌዬን ሳልኩ። ብቻዬንም አልነበርኩም። ከፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ ዓብዱልሰላም አፍናን የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለችው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ መሰልቸቷን አይቼ ጠራኋት። በሳምንቱ ጓደኛዋን መቲን ይዛ መጣች። ጠዋት ጠዋት አብረን እንኮተኩታለን፤ ዝናቡ ሲጀምር በረንዳ ላይ ስፌት አስተምራቸዋለሁ። ሐምሌ 22 አገር ሁሉ ችግኝ ሲተክል እኛም ሁሉቃ ወንዝ ዳር ሄደን ተከልን። እዚያ ጉሬዛዎች አየን፤ አንዷ ገና ነጭ የሆነ ግልገል ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። መቲ ዝናብ እየመታት አልሄድም አለች።

አፍናን ስፌት ላይ ቁጭ ማለት አትችልም ነበር። አንድ ቀን ሙዳይዋን ጥላ ጓሮ ካለው ዋንዛ ሥር ሄደች። ወዲያው ጩኸቷን ሰማሁ።

"ቲቸር! ቲቸር፣ ይምጡ! ይሄ ወፍ እኮ ይሰፋል!"

እውነቷን ነው። ያ ቢጫው፣ ፊቱ ጥቁር የሆነው ወፍ ከቅርንጫፉ ጫፍ ተንጠልጥሎ ሳሩን በእግሩ ይዞ በመንቁሩ ያስገባል፣ ያዞራል፣ ይስባል፣ ያጠብቃል። ስድሳ ዓመት በዚህ ግቢ ስኖር ወፎቹን አይቻቸዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አላየኋቸውም። ሲጨርስ ሴቷ መጥታ ገብታ ፈተሸችው፤ አልወደደችውም፤ ጥላው ሄደች። እሱም የሰፋውን ተርትሮ እንደገና ጀመረ።

መቲ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ልክ እንደ ቲቸር! የኔንም ሦስቴ አስፈትተውኛል።"

ጋዲሳ፣ እንደዚያ የሳቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ ደብተር ገዝተን በየቀኑ መመዝገብ ጀመርን፦ የትኛው ጎጆ ተጀመረ፣ የትኛው ፈረሰ፣ የትኛው ውስጥ ተገባ። ነሐሴ ሲገባ አሥራ አራት ጎጆ ተንጠልጥሎ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከአንዳንዶቹ የጫጩት ድምፅ መሰማት ጀመረ። አፍናን ስፌቱንም ከወፉ ተማረችው፤ ሳታጠብቅ ማለፍ ተወች።

ነሐሴ 12 ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የአጎታችን ልጅ ፈየራ ነው። ከኋላው የሞተር መጋዝ የያዙ ሁለት ሰዎች አሉ።

"አዴ ድንቅቱ፣ እንዴት አደሩ? ዋንዛውን ልናነሳው ነው።"

"የት ነው የምታነሱት?"

"ጋዲሳ አልነገረዎትም እንዴ?" አለና ደነገጠ። የምሬን ነው የምልህ፣ እሱ እንኳ ደነገጠ። "የኪራይ ክፍሎች ልንሠራ ነው። ውክልና ልኮልኛል። እርስዎ አያስቡ፤ ለእርስዎም አንድ ክፍል ይኖርዎታል።"

አንድ ክፍል! እናቴ በሞተችበት፣ አባባን ሰባት ዓመት ባስታመምኩበት ቤት አንድ ክፍል!

ወረቀቱን አምጣ አልኩት። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። "በአምቦ ከተማ የሚገኘውን፣ በአሁኑ ሰዓት ሰው የማይኖርበትን የወላጆቼን ግቢ…" ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ፊርማህን አየሁ። ያን የ«ጋ» ፊደል ጭራ እንዴት እንደምትጎትት ያስተማርኩህ እኔ አልነበርኩም? ቀኑንም አየሁ። ሰኔ 20። ተደሰቺ ባልከኝ በአራተኛው ቀን!

"ፈየራ፣ እኔ ማነኝ?" አልኩት።

"አዴ ድንቅቱ ነዎት እንጂ።"

"የት ነው የምኖረው?"

ወረቀቱን ከእጄ መልሶ ተቀበለኝና፣ "ይሄ የወረቀት ቋንቋ ነው፣ አዴ፤ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ተብሎ ነው" አለኝ።

እኛ በር ላይ ስንነጋገር ሰዎቹ በጎን አልፈው ኖሯል። የመጋዙ ድምፅ ሲነሳ ሮጥኩ። ትልቁ ቅርንጫፍ ድንቼ ላይ ወደቀ። ስድስት ጎጆ ይዞ ነው የወደቀው። ወፎቹ ከላይ እየዞሩ ሲጮሁ መጋዙን እንኳ አልፈው ይሰሙ ነበር። አፍናን ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ግንዱን አቅፋ ቆማለች። አባቷ ሱቁን ክፍት ትቶ መጣ። ልጁን ይጎትታታል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን አጠገቧ ቆሞ ጀርባውን ለግንዱ ሰጠና፣ "ፈየራ፣ መጋዙን አስጠፋው። እዚህ ሰው አለ" አለ።

ባዕድ ነው እኮ ያለው፣ ጋዲሳ። ከስልጤ መጥቶ እዚህ ሱቅ ከከፈተ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው።

ፈየራ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። እኛ ጭቃው ውስጥ ተንበርክከን ጎጆዎቹን ለቀምን። በአራቱ ውስጥ እንቁላሉ ተሰባብሯል። በሁለቱ ሦስት ጫጩቶች በሕይወት አገኘን፤ ላባቸው ገና አልወጣም፣ አፋቸው ብቻ ነው ያለው። አፍናን ያላለቀች ሙዳይዋን አምጥታ ጎጆዎቹን ከነጫጩቶቹ ውስጧ አስቀመጠች። መሰላል ላይ ወጥቼ፣ አዎ፣ በስድሳ ዓመቴ፣ ከቀረው ቅርንጫፍ ላይ በሲባጎ አሰርኳት። ከዚያ ማድ ቤት ገብተን በመስኮት ጠበቅን። እስከ ስድስት ሰዓት ማንም አልመጣም። መቲ አልቅሳ ዓይኗ አበጠ። ስምንት ሰዓት ሲሆን አንዷ እናት ትል ይዛ መጣች። ሙዳይዋን ዞረቻት፣ ሸሸች፣ ተመለሰች፣ ገባች፤ ሌላዋም ተከተለች። አንዱ ጫጩት በማግስቱ ሞተ። ሁለቱ ከትናንት በስቲያ በረሩ።

አሁን እኔን ስማኝ።

እናታችን ስትሞት አንተ ሁለት ዓመትህ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጊንጪ የሚያስተምር ሮባ የሚባል መምህር ሽማግሌ ልኮ ጠይቆኝ ነበር። ልጁ ትንሽ ከፍ ይበል አልኩት። አራት ዓመት ጠብቆ ሌላ አገባ፤ አልፈርድበትም። ይህን ነግሬህ አላውቅም፤ አሁንም የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ሐዘንህን አልፈልገውም! ስትጽፍ ምን እንደሰረዝክ እንድታውቅ ነው። አባባ ጋዲሳ ብሎ ስም ሲያወጣልህ፣ እንደ ስሙ ትርጉም ጥላ ይሁነን ብሎ ነበር። ጥላ! የግቢያችንን ጥላ በመጋዝ የሚያስቆርጥ ጥላ የት አገር አለ?

ክፍል መሥራት ፈልገህ ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር። እኔ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። መቼ እምቢ ብዬህ አውቃለሁ? ከዋንዛው ወዲያ ማዶ ቦታ ሞልቷል፤ አብረን እንለካው ነበር። አንተ ግን ከመጠየቅ መሰረዝ ቀለለህ።

ያደረግሁትን ከሰው እንዳትሰማ ልንገርህ። ከቀበሌ የነዋሪነት ማስረጃ ከነማኅተሙ አውጥቼ ለፈየራ ሰጠሁት። አንብቦ፣ "በእህትና ወንድም መሃል አልገባም" አለና ውክልናውን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ሄደ። ፍርድ ቤት ለክረምት ዝግ ነው፤ ጥቅምት ሲከፈት ወራሽነቴን አረጋግጬ ድርሻዬን በስሜ አስደርጋለሁ። ማመልከቻው ተጽፎ አልቋል። ያንተን ድርሻ አልነካም፤ እንደፈለግህ አድርገው። ዋንዛው ግን በእኔ በኩል ነው የሚውለው። በዚህ አልደራደርም፤ ሽማግሌም አትላክብኝ፣ ቡና አፍልቼ አልቀበልም።

ሰዲቅ አንድ ሌላ ነገር ነግሮኛል። ሳል ይዞኛል፣ ሐኪም ጋ ግን አልሄድም ትላለህ አሉ። ለምን? ልጅ ሆነህ ደረትህን ሲይዝህ ጀርባዬ ላይ አዝዬህ ሆስፒታል የሄድኩት ለዚህ ነው? ተመርመር! ተመርምረህ ውጤቱን ጻፍልኝ። የበግ ጠጉር ሹራብ በሰዲቅ ልኬልሃለሁ፤ ጁባ ሙቀት ነው ብለህ እንዳትስቅ፣ ለሌሊቱ ነው። የሠራሁት ከመናደዴ በፊት ስለሆነ ልበሰው።

ጌታ ከክፉ ይሰውርህ። እጅህ የነካው ይባረክ፤ ይህን ስጽፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ግን ጽፌዋለሁ።

ለገና ና። ሆቴል እንዳትይዝ። ቁልፍ አለኝ ብለህም ከፍተህ እንዳትገባ። አንኳኳ። "ማነው?" እልሃለሁ፤ ስምህን ንገረኝ። ከዚያ እኔ እከፍትልሃለሁ።

እህትህ
ድንቅቱ ዓብዲሳ