ከተቃጠለው ተዳፋት በታች

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። እኔ ያው ዲላ ነኝ፤ እማዬም ቡሌ፣ ተራራው ሥር ባለው ቤታችን አለች። ሰላም ነን ብዬ እንዳልጀምር ለአንተ መዋሸት አላውቅበትም።

በጋ ላይ ከቤታችን በላይ ያለው ዱር ተቃጠለ። ማር ሊቆርጥ የወጣ ሰው ጥሎት የሄደው ችቦ ነው ይላሉ። እሳቱ አጥራችን ጋ ሲደርስ ሰዉ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ደብድቦ አጠፋው። ቤቱም ጓሮውም ተረፈ፤ ተመስገን ብለን ጸልየን ተለያየን። አለፈ ብለን ነበር።

ከዚያ ወንድሜ ተስፋዬና ጎረቤቶቹ፣ ማገዶው አይባክን ብለው፣ የከሰለውን ግንድ ሁሉ ቆርጠው ቁልቁል ጎተቱት። የተጎተተበት ፈለግ አሁን የውሃ መንገድ ሆኗል፤ ሁሉም ወደ እኛ ደጅ ይወርዳል። ባለፈው ወጥቼ አንድ ጆግ ውሃ ባፈስበት፣ መሬቱ ቅቤ የተቀባ ይመስል አልጠጣም አለ፤ ውሃው ተንከባሎ ሄደ። ያኔ ነው የፈራሁት። አንተ ስታርም የነቀልከውን አረም እዚያው መሬቱ ላይ አልብሰኸው ትሄድ ነበር። እኔ ጠርጌ ሳነሳው፣ የሳሎን ወለል መሰለሽ እንዴ እያልክ ትስቅብኝ ነበር። መሬት ራቁቷን ዝናብ ፊት አትቆምም ትል የነበረው አሁን ገባኝ።

የመጀመሪያው ካፊያ ሲጥል ጥቁር ጭቃ ማድቤት ገባ። ዋናው ዝናብ ገና ነው። ከቀበሌ መጥተው እማዬን ለጊዜው ውረጂ አሏት፤ እኔ ለመንኳት፣ ተስፋዬ ተቆጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም መጡ። ታውቃታለህ፣ ሁሉንም አብልታ ሸኘቻቸው። ለእኔ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «አባትሽ የተከለውን እንሰት ለማን ጥዬ ልውረድ?» መጨረሻ የተከልከው ዘንድሮ ለቆጮ ለመፋቅ ደርሷል።

በቡሌ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር እጄ ሥራ አይይዝልኝም። እደውላለሁ። ካላነሳች፣ እስክታነሳ ድረስ የማስበውን አልነግርህም።

ነገ ላመጣት እወጣለሁ። ብትቆጣም ትቆጣ፤ እንሰቱን ዝናቡ ሲያባራ አብረን ወጥተን እንፍቀዋለን። ቤቱ ከሄደም ይሂድ። አባዬ፣ አንተን እስካለሁ አልረሳህም፤ አረም ስነቅልም ዝናብ ሲዘንብም አስታውስሃለሁ። እማዬን ግን ገና ማስታወስ አልፈልግም።

ልጅህ